«አባቴ ‹አየር ኃይል ነበርኩ› ይል ነበር…» እውነቱን ባጇ ትናገር ይሆን?

  

በዚህ ዓምድ የምንቀበላቸው ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የፍቅርና የትዳር ናቸው። «ከዳኝ»፣ «አኮረፈችኝ»፣ «ቤተሰቦቹ አልወደዱኝም»… የዛሬው ግን ለየት ይላል። የተላከው ከደብረ ማርቆስ ነው። ፖስታው ውስጥ ከደብዳቤው ጋር ሁለት ፎቶግራፎች ነበሩ፤ የአንዲት የጨርቅ ባጅ ፊቷና ጀርባዋ። መጀመሪያ ሳነበው «ይኼ የታሪክ ሰዎች ጉዳይ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ?» ብዬ ወደ ጎን አድርጌው ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን ነገሩ የአባትና የልጅ መሆኑ ገባኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልሰጠኝም። የሚያውቁ ሰዎችን ጠየቅሁ፤ ያገኘሁትንም አገላበጥኩ።

እስቲ መጀመሪያ ደብዳቤውን አብረን እናንብበው። ስሟንና ሰፈሯን አውጥቼዋለሁ።

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔ የ28 ዓመት ወጣት ስሆን ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። አባቴ ያረፈው ባለፈው ዓመት በ70 ዓመቱ ነው። ከተማው የሚያውቀው የወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆኖ ነው። እንደ ማንም ሰው ትንሽ ትንሽ ይጠጣ ነበር፤ ሲጠጣ ደግሞ የማይረሳት አንዲት ነገር አለችው። ‹እኔ እኮ አየር ኃይል ነበርኩ! ጃንሆይ ሳሉ ነው የገባሁት!› ይላል። ጠላ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ይስቅበታል። የሰፈር ልጆች ‹ፓይለቱ መጣ! ፓይለቱ መጣ!› እያሉ ይከተሉት ነበር። እኔንም ትምህርት ቤት ‹የፓይለቱ ልጅ› ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን እያለቀስኩ ገብቼ ‹አባባ በቃ ዝም በል! እባክህ አታሰድበኝ!› አልኩት። ከዚያ በኋላ እኔ ባለሁበት አንስቶት አያውቅም።

«አርባው ካለፈ በኋላ ሳጥኑን ስንከፍት ከጋቢው ስር በመሐረብ የተጠቀለለች የጨርቅ ባጅ አገኘን። ክብ ናት፤ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ታክላለች። መሐሏ ላይ ባንዲራ የያዘ አንበሳ አለ። ራሱ ላይ ዘውድ የለውም፤ የባንዲራው ዘንግ ጫፍም እንደ ጦር ሹል ነው። በግራና በቀኝ ክንፍ አለው። ከስር በአማርኛ ‹አየር ኃይል› የሚለው ይነበባል፤ የቀረው ክሩ ተበልቷል።

«ታላቅ ወንድሜ ‹ለተዝካሩ ወጪ እንሽጣት› ይላል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ አንድ አሮጌ ዕቃ ገዢ ‹የጃንሆይ ዘመን ናት› ብሎ ደህና ብር ጠርቶላታል። ሌላ ሰው ግን ‹የደርግ ናት፤ ሰውየው ጃንሆይ ሳሉ ገባሁ ማለታቸው ውሸት ነበር› አለን። አንዱ የልብስ ነጋዴ ጭራሽ ‹ከሳልባጅ ጃኬት ላይ የተፈታች ናት› ብሎ ሳቀ። አክስቴን ስጠይቃት ‹በ1965 ከቤት ወጥቶ ሄደ፤ በ83 ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ በእግሩ መጣ። መሐሉን አልጠየቅነውም› አለችኝ። እኔ የማውቀው የወፍጮው ሞተር ሲታመም ባለቤቱ መካኒክ ሳይሆን እሱን እንደሚጠራ ነው። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ደግሞ ቀና ሳይል ‹አንቶኖቭ ነው፤ አራት ሞተር› ይል ነበር። እኛ እንስቃለን።

«ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ይመጣብኛል። ‹አባቷ ምን ነበሩ?› ሲባል ቤተሰቦቼ ምን ይበሉ? ‹ዘበኛ› መባሉ አያሳፍረኝም። የሚያሳፍረኝ አባቴ ውሸታም ሆኖ መሞቱ ነው። ወይስ ውሸታም ያደረግነው እኛ ነን? ባጇ እውነት የአባቴ ናት? የየትኛው ዘመንስ ናት? እባክዎን ይርዱኝ።»

እህት ዓለም፣ ደብዳቤሽ ሦስት ጥያቄ አንድ ላይ አስሮ ይዟል። ባጇ የማን አገር ናት? የየትኛው ዘመን ናት? አባትሽስ ውሸታም ነበሩ? ሁለቱን ጨርቋ ትመልሳለች። ሦስተኛውን ግን ብቻዋን አትመልሰውም። በየተራ እንሂድ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና አትቸኩይ።

ከሥዕሉ በፊት ፊደሉን!

የአየር ኃይል ባጅ አገሩ የሚታወቀው መጀመሪያ በጽሕፈቱ ነው። ክንፍማ የማያደርግ አየር ኃይል የት አለ? ክንፍ ብቻ አይቶ «የእኛ ነው» ማለት አይቻልም። በተለይ በእኛ አገር! ሰማያችን የብዙ አገር ሰው የበረረበት ነውና።

አስቢው እስቲ። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥሪት ሲሆን ያበረረውም ፈረንሳዊ ነበር። ጣሊያን ሲወረን በ1928 ጥቂቶቹን አውሮፕላኖቻችንን ይመራ የነበረው ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን ነው። ከነፃነት በኋላ አየር ኃይሉን ቢሾፍቱ ላይ ያደራጁት ስዊድኖች ናቸው፤ አለቃቸው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ከ1938 ጀምሮ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቷል። በ1945 ከአሜሪካ ጋር ወታደራዊ ስምምነት ተፈረመና አሜሪካኖች በአሠልጣኝነት መጡ። በ1969 እና በ1970 ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ሶቭየቶች ገቡ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ የእንግሊዝ ሄርኩለስና የምዕራብ ጀርመን ትራንሳል እህል ከሰማይ ይጥሉ ነበር፤ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮችም ሳይቀሩ አብረው ሠርተዋል። እያንዳንዱ የየራሱን ባጅ ለብሶ ነው የመጣው። ሲሄድ ለወዳጁ አውልቆ የሚሰጥም አይጠፋም። በአንድ ሳጥን ውስጥ የውጭ አገር ባጅ ቢገኝ እንግዲህ ባለሳጥኑ ሰላይ ነበር ማለት አይደለም!

ስለዚህ ፊደሉን ማየት ነው። የሩሲያ ፊደል ካለው ምንጩ ከዚያ ወገን ነው። በእንግሊዝኛ «ሚሊታሪ ኤር ትራንስፖርት ሰርቪስ» የሚል ከሆነ፣ እሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1948 እስከ 1966 የነበረው የአሜሪካኖች ወታደራዊ የአየር ማጓጓዣ ነው። «ሚሊታሪ ኤርሊፍት ኮማንድ» ካለ ደግሞ እሱን የተካው፣ ከ1966 እስከ 1992 የቆየው ነው። በእናንተ በጎጃም በኩል የጣሊያን ነገር ከመሬት ተቆፍሮ ቢወጣ አይገርምም። «ሬጂያ ኤሮናውቲካ» የሚል ከሆነ ሬጂያ ማለት «ንጉሣዊ» ነው፤ ጣሊያኖች ንጉሣቸውን በ1938 ዓ.ም. ካሰናበቱ በኋላ ይህን ስም ትተውታል። ስለዚህ የወረራው ዘመን ቅሪት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው ማለት ነው።

ያንቺ ግን በአማርኛ «አየር ኃይል» ይላል። ስለ አገሩ ጭቅጭቅ የለም፤ የእኛው ናት። የሳልባጁ ነጋዴ የመጀመሪያዋን ነጥብ ተሸነፈ!

አንበሳው ዘውዱን መች አወለቀ?

አሁን ወደ ዘመኑ። እዚህ ላይ አንቺ ራስሽ ሳታውቂው ትልቁን ቁልፍ በደብዳቤሽ ጽፈሽዋል፤ «ዘውድ የለውም፤ የዘንጉ ጫፍ እንደ ጦር ሹል ነው» ብለሽ።

በጃንሆይ ዘመን የይሁዳው አንበሳ ዘውድ የደፋ ነበር፤ የያዘው ዘንግ ጫፍም መስቀል ነበር። የአየር ኃይሉ ሙሉ ስምም «ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ቃል ይዞ የሚጠራ ነው፤ በእንግሊዝኛው «ኢምፔሪያል» ይባላል። ጃንሆይ በመስከረም 1967 ወረዱ። በመጋቢት 1967 ደግሞ ዘውዱ ራሱ በአዋጅ ተሻረ። ከዚያ በኋላ አንበሳው ወዲያው አልተባረረም፤ ዘውዱን አወለቁት፣ የመስቀሉን ቦታ የጦር ጫፍ ተካው። በ1980 መባቻ ኢሕዲሪ ሲታወጅ ደግሞ አገሪቱ ሌላ አርማ አወጣች። ዛሬ የምናውቀው በሰማያዊ ክብ ላይ ያለው ቢጫ ኮከብ የመጣው በ1988 ነው።

እንግዲህ ደምሪው። ዘውድ ያለው አንበሳ፦ ከ1967 በፊት። ዘውድ የሌለው፣ ጦር የያዘ አንበሳ፦ ከ1967 እስከ 1979 ገደማ። ሰማያዊው ክብና ኮከቡ፦ ከ1988 ወዲህ። «ገደማ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አዋጅ በአንድ ቀን ይነገራል፤ መጋዘን ውስጥ ያለ ባጅ ግን በአንድ ቀን አያልቅም። ወታደርም ያለችውን እስክታልቅ ይለብሳል።

ስለዚህ ያቺ ባጅ የተሠራችው በደርግ ዘመን፣ አንበሳው ዘውዱን አውልቆ ገና ባልተሰናበተባቸው ዓመታት ነው። «የጃንሆይ ናት» ያለው ገዢ ወይ አላወቀም፣ ወይ ደግሞ ለሌላ ሰው በጃንሆይ ስም ሊሸጣት አስቧል።

«ታዲያ አባቴ ዋሹ ማለት ነው?» ትይ ይሆናል። ቆይ፤ እንመጣበታለን።

የቁጥር ወጥመድ

ያንቺ ባጅ ላይ ዓመት አልተጻፈም። ግን ለሌሎች አንባቢዎቼ ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ባጅ ላይ ቁጥር ስታዩ «በማን አቆጣጠር?» ብላችሁ ጠይቁ። አማርኛ ባለበት ዓመቱ የእኛ ሊሆን ይችላል፤ እንግሊዝኛ ብቻ ባለበት የፈረንጅ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆንም መንግሥት ይለውጣል! ለምሳሌ «1966» የሚል ብታገኙ፣ በፈረንጅ ከሆነ ኤፍ-5 የተባሉት የአሜሪካ ጀቶች ወደ አገራችን የገቡበት ዓመት ነው፤ ጃንሆይ ገና በሙሉ ሥልጣናቸው ላይ ናቸው። በእኛ ከሆነ ግን የካቲት ፈንድቶ ዙፋኑ እየተንገዳገደ ነው።

ባጁ ላይ አውሮፕላን ካለበትም እንዲሁ። ክንፉ ወደ ኋላ የተጣለና አፍንጫው እንደ ቧንቧ የተከፈተ ጀት ስታዩ «ኤፍ-86» ለማለት አትቸኩሉ፤ የሶቭየቱ ሚግ-17ም አፍንጫው ክፍት ነው። የኋላዋን ትንሿን ክንፍ ተመልከቱ፦ ከሆዱ ጋር የተያያዘች ከሆነች ኤፍ-86 ነው፤ ወደ ላይ ወጥታ የጭራው መሐል ላይ ከሆነች ሚግ ነው። የመጀመሪያው የጃንሆይ ዘመን ሲሆን በ1954 በተባበሩት መንግሥታት ስር እስከ ኮንጎ ድረስ ዘምቷል። ሁለተኛው ከሶቭየቶች ጋር የመጣ ነው። ሁለት ጭራ ቀጥ ብለው የቆሙለት ሱ-27 ካያችሁ ደግሞ ከኤርትራው ጦርነት፣ ከ1991 ወዲህ ያለ ነው።

ገልብጠሽ ጀርባዋን እዪ

የሳልባጁ ነጋዴ ነገር ግን እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። ዛሬ ኮምፒዩተር ያለው የጥልፍ ማሽን ፎቶ ከሰጡት የፈለጉትን ዘመን አንበሳ ይጠልፋል። የድሮ መልክ ያለው ሁሉ ድሮ አይደለም። ፊት ይዋሻል፤ ጀርባ ግን ብዙም አይዋሽም።

የላክሽልኝን የጀርባዋን ፎቶ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ክሩ ተዘበራርቋል፣ እዚህም እዚያም ቋጠሮ አለበት፣ ከአንዱ ክንፍ ወደ ሌላው ተዘሎ ተሰፍቷል። ላስቲክም ሆነ ሙጫ የለውም። ዳር ዳሩን የድሮ መርፌ ቀዳዳዎች ከበውታል፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ የተበጠሰ ክር ቀርቷል። ይህ ማለት ባጇ የሆነ ልብስ ላይ ተሰፍታ ተለብሳለች፣ ቆይታም በጥንቃቄ ተፈትታለች። አዲስ የተመሰለ ባጅ ብዙውን ጊዜ ጀርባው ንጹሕ ነው፤ አንዳንዱ ጀርባው ላይ ላስቲክ ወይም በብረት ካውያ ተተኩሶ የሚጣበቅ ሙጫ አለው። ተጫኖ ጠብ የሚለው፣ ቬልክሮ የምንለው ከሆነ ደግሞ በአብራሪዎች ልብስ ላይ የተለመደው በቅርቦቹ አሥርት ዓመታት ነው። ዙሪያውን ወፍሮ እንደ ብርድ ልብስ ጠርዝ የተዘመዘመው ዓይነትም በአሜሪካኖቹ ዘንድ የተስፋፋው በፈረንጅ ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉት ጠርዛቸው በመቀስ የተቆረጠ ነው።

ሁለት ፈተና ልጨምርልሽ። አንደኛው፣ ባንክና ሱቅ ውስጥ የብር ኖት የሚፈተሽበትን ሐምራዊ መብራት ታውቂዋለሽ? ጨለማ ውስጥ ባጇ ላይ አብሪባት። የጥንት የጥጥ ክር ደብዝዞ ይቀራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመጡት ማንጫዎች የተነከረ ክርና ብዙው የፋብሪካ ክር ግን ቦግ ብሎ ያበራል። ግን ተጠንቀቂ! በዱቄት ሳሙና የታጠበ የጥንት ጨርቅም ያበራል፤ ሳሙናው ውስጥ ያው ማንጫ አለበትና። ለዘመን መለያ ያንቺን ባጅ አይጠቅማትም፤ የጣሊያን ዘመን ነው የሚባልን ነገር ግን ያጋልጣል።

ሁለተኛው የእሳት ፈተና ነው። ከጀርባዋ የተንጠለጠለች፣ ለመውደቅ የደረሰች አንዲት ክር ብቻ ቆርጠሽ ከባጇ ርቀሽ አቃጥያት። ጥጥ ከሆነች እንደ ወረቀት ሸትታ አመድ ትሆናለች። ናይለን ወይም ፖሊስተር ከሆነች ቀልጣ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ትሠራለች። ከፊቷ አንዲት ክር እንዳትነኪ! ባጇንም እንዳታጥቢ፣ እንዳትተኩሺ፣ የተበላውን ፊደል «ላሳምረው» ብለሽ እንዳትጠልፊ። የተበላው ፊደል ራሱ ምስክር ነው።

እና አባትሽስ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። አባትሽ «አብራሪ ነበርኩ» ያሉበት ቦታ የለም! «አየር ኃይል ነበርኩ» ነው ያሉት። «ፓይለት» ያላቸው ጠላ ቤቱ ነው፣ የሰፈር ልጆች ናቸው። ሰው ያላለውን ብለንለት፣ ከዚያ ባላለው ነገር ውሸታም አደረግነው።

እስቲ አስቢው። አንድን ተዋጊ ጀት የሚያበረው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። እሱን ከመሬት ለማንሳት ግን መካኒኩ፣ ነዳጅ ቀጂው፣ ጥይት ጫኙ፣ ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ፓራሹት አጣፊው፣ እሳት አደጋው፣ ሾፌሩ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጥበቃው ሁሉ ይሰለፋል። ሁሉም አየር ኃይል ናቸው። ስማቸው ግን ጋዜጣ ላይ አይወጣም። ሲሞቱም የሚቀረው እንዲህ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ነው።

ዘመኑንም አስይው። አክስትሽ «በ1965 ሄደ» ብለዋል። በ1965 ዙፋኑ ላይ የነበሩት ጃንሆይ ናቸው። እንግዲህ «ጃንሆይ ሳሉ ነው የገባሁት» ማለታቸው ከአክስትሽ ቃል ጋር ልክ ገጠመ። በ1967 መንግሥት ሲለወጥ የ20 ዓመት ልጅ ናቸው። ወታደር ደግሞ መንግሥት ሲለወጥ ባጁን ይቀይራል እንጂ ሥራውን ትቶ አይሄድም። ስለዚህ ጃንሆይ ሳሉ የገባ ሰው ሳጥን ውስጥ የደርግ ዘመን ባጅ መገኘቱ ውሸት አያሰኘውም። እንዲያውም ገብቶ አለመውጣቱን፣ ማገልገሉን ነው የሚያሳየው! «የደርግ ናት» ያለው ሰው ስለ ጨርቋ እውነቱን ነው፤ ስለ አባትሽ ግን ተሳስቷል።

በ1969 እና 70 የሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በዚያው አየር ኃይል ውስጥ የአሜሪካው ኤፍ-5 እና ገና የገባው የሶቭየቱ ሚግ ጎን ለጎን ነበሩ። በእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተማረ ቴክኒሻን የሩሲያውን ሞተር እንደ አዲስ መማር ነበረበት። በድርቁ ዓመታት ደግሞ ባለአራት ሞተሩ አንቶኖቭ-12 ሰማዩን ሞልቶት ነበር። ቀና ሳይሉ በድምፅ ብቻ «አራት ሞተር» የሚሉ ሰው፣ የወፍጮ ሞተር ሲታመም የሚጠሩ ሰው… እኔ አባትሽ መካኒክ ነበሩ ብዬ አልምልም። ግን እንዲያው የወፍጮ ቤት ዘበኛ ብቻ ነበሩ ብዬም አልምልም።

የ1983ቱንም መመለስ አስቢ። በዚያ ዓመት ጦርነቱ በእናንተው በጎጃም አልፎ ግንቦት 20 አዲስ አበባ ገባ። የቀድሞው ሠራዊት ተበተነ። ብዙው ሰው የለበሰውን አውልቆ፣ ወረቀቱን ጥሎ ወይም ቀብሮ ወደ አገሩ ገባ። አባትሽ ከዚያ ሁሉ ነገር አንዲት ባጅ ብቻ ፈትተው ደብቀው አመጡ። ሊሸጧት አልፈለጉም፤ ለማንም አሳይተው «ይኸው ማስረጃዬ!» አላሉም። አንዴ ቢያወጧት ጠላ ቤቱ ሁሉ ዝም ይል ነበር። ለምን አላወጧትም? እኔ ይመስለኛል የሚያምናቸው ሰው የፈለጉት ያለ ማስረጃ ነው።

ይህን ያልኩት ልብሽ እንዲደማ አይደለም። «ዝም በል» ስትያቸው ልጅ ነበርሽ፤ ልጅ ደግሞ የሚሰደብ አባቱን መከላከል ሲያቅተው በአባቱ ላይ ይጮኻል። እሳቸው ይህ የገባቸው ይመስለኛል፤ አንቺ ባለሽበት አለማንሳታቸው ያስቀየምሻቸው ስለሆነ ሳይሆን እንዳትሰደቢ ብለው ነው። ራስሽን አትውቀሺ። ከዚህ በኋላ ግን ሌላው ሰው ሙት ወቃሽ እንዳይሆን ማድረግ ያንቺ ፋንታ ነው።

አሁን ምን ታድርጊ?

አንደኛ፦ ሳጥኑን እንደገና ፈትሺው። የኪስ ደብተር፣ የቆየ ፎቶግራፍ፣ ማኅተም ያለበት ቁራጭ ወረቀት፣ የመለያ ቁጥር… በጋቢውና በኮቱ ሽፋን ውስጥ ሳይቀር እዪ። ባጅ ዘመንን ይናገራል፣ ስም አይናገርም። ስም የሚናገረው ወረቀት ነው።

ሁለተኛ፦ በከተማችሁ የቀድሞ ሠራዊት አባላት የነበሩ አባቶች አይጠፉም። ሄደሽ ቡና አፍልተሽ ጠይቂያቸው። ፎቶግራፉን ብቻ ያዢ፤ ባጇን ይዘሽ አትዙሪ። የአየር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ ዛሬም ቢሾፍቱ ነው፤ የአባትሽን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የገቡበትንና የተመለሱበትን ዓመት ጽፈሽ በማመልከቻ መጠየቅ ትችያለሽ። መልስ ባይመጣ ተስፋ አትቁረጪ፤ ብዙ ወረቀት በዚያ ግርግር ጠፍቷል።

ሦስተኛ፦ ስለ ሽያጩ። ወንድምሽ ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ተዝካር የማያስጨንቀው ታላቅ ልጅ የለም። ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ገዢው ብሩን የጠራው «የጃንሆይ ናት» ብሎ ነው፤ የደርግ ዘመን መሆኗን ሲሰማ ዋጋው እንደሚወርድ ንገሪው። ተዝካር አቅም በፈቀደ መጠን ይወጣል፤ ሰው ባነሰ ቁጥር ነፍስ አትጎዳም። ለአባት መታሰቢያ ተብሎ የአባትን ብቸኛ መታሰቢያ መሸጥ ግን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ዓይነት ነገር ይሆናል። በንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ፀሐይና እርጥበት በማይደርስበት አስቀምጧት። አክስትሽ የነገሩሽንም በወረቀት ጽፈሽ አብረሽ አኑሪው። ታሪክ የሌለው ባጅ ጨርቅ ነው።

አራተኛ፦ ሽማግሌዎቹ «አባቷ ምን ነበሩ?» ሲሉ ቤተሰቦችሽ ቀና ብለው እንዲህ ይበሉ፦ «በ1965 አየር ኃይል ገቡ። በ83 ተመለሱ። ከዚያ ልጆቻቸውን በዘበኝነት አሳደጉ።» ሦስቱም እውነት ነው፤ ሦስቱም አያሳፍርም። «አብራሪ ነበሩ እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ መልሱ አጭር ነው፦ «እሳቸው እንደዚያ ብለው አያውቁም።»

በመጨረሻ ለጃኬት ወዳጆች አንድ ቃል! ከቦንዳ የወጣ የአብራሪ ጃኬት ገዝታችሁ ደረትና እጅጌው በባጅ ተሞልቶ ስታዩት ደስ ይላል፤ እኔም ወጣት ሆኜ ለብሻለሁ። ግን ብዙው ለፋሽን የተሰፋ ነው፤ ይህን ለማወቅ ጀርባውን ገልብጡ። እውነተኛ የአገራችን ሠራዊት ምልክት ያለበት ከሆነ ደግሞ ፍቱት። ያለ መብት መልበሱ በሕግ ያስጠይቃል። ከሕጉም በላይ፣ ያቺን ባጅ ሰው አንድ ቀን ከሬሳ ሳጥን ላይ አንስቷት ይሆናል።

እህት ዓለም፣ ሽማግሌው በሰላም መጥቶ በሰላም ይመለስ። የሠርግሽ ቀን ደግሞ ባጇን ደረትሽ ላይ ሳይሆን በመሐረቧ እንደተጠቀለለች በቦርሳሽ ያዢያት። አባትሽ በእሷ በኩል ይገኙልሻል።

ውድ አንባብያን፣ እናንተም ቤት ማንም ያላመናቸው አባት ወይም አያት ካሉ፣ ሳጥናቸው እስኪከፈት አትጠብቁ። በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!